ተረካቢ ያጣው ትራምፔት

ጅጅጋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ትራምፔት የነፋሁ ዕለት ተሰደብኩ ብዬ አኩርፌ ቤቴ ልገባ ነበር። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስድስት ሆነን እንለማመዳለን። አጥሩን ተደግፈው ሲያዳምጡን የቆዩ ሰዎች ዜማው ሲያልቅ «ኩ ኤሊ! ኩ ኤሊ!» እያሉ መጮህ ጀመሩ። ያኔ የማውቀው ሶማልኛ ሻይ ከማዘዝና ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። ኤሊን ለማወቅ ግን አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። ዘገምተኞች መሆናችንን ራሴም አውቀዋለሁና ደሜ ፈላ። «በሉ ፈጠን እናድርገው!» አልኩና ያንኑ ዜማ በእጥፍ ፍጥነት አስነካነው። ስንጨርስ ይባስ ብለው «ኩ ኤሊ!» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሮጥበት ከበሮ መቺያችን እጇ ዝሎ ቆመች።

የገላገለኝ ቱባ የተባለውን ግዙፍ የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋው ልብስ ሰፊ ነው። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቱባውን እንዳቀፈ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «መዓሊን» አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው፣ እስከ ዛሬም ሌላ መጠሪያ አልሰጠኝም። «ማንም ኤሊ አላለህም። ድገሙት ነው የሚሉት። ሰዉ ወዶታል፣ አንተ ደግሞ እንደ አምቡላንስ ታስሮጠናለህ!» ከዚያ ቃሉን አስጠናኝ። «ዔሊ» ከጉሮሮ ነው የምትወጣው። ብቻዋን ስትባል «መልስ» ማለት ናት፤ ድስት ተውሶ ያስቀረብህን ጎረቤት የምትለው ዓይነት። ከፊቷ «ኩ» ስትገባ «ድገም» ትሆናለች። ይህን ሁሉ አስቀድሜ የማወራው ይህችው ቃል ከዓመታት በኋላ ከኔ የባሰ ሰው ላይ ጉድ ስለሠራች ነው።

ጅጅጋ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር። ሁለት ዓመቱ ስምንት ሊሞላው ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ትራምፔት የተማርኩት ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው። ቶሎ የምቆጣና ቶሎ የማኮርፍ ሰው ነኝ፤ ይህንንም የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግርብኝ ነው። ያኔ ብቸኝነቱ ከብዶኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምሠራው ሲጠፋኝ የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ላጽዳ ብዬ ገባሁና ከተሰበሩ ዴስኮች ሥር የተጨማደዱ ትራምፔቶች፣ አንድ ትሮምቦንና ርግብ ጎጆ የሠራችበት ቱባ አገኘሁ። ማን እንዳመጣቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ልብስ ሰፊው የተማሪዎችን ዩኒፎርም ሊለካ መጥቶ ቱባውን በረንዳ ላይ ሲያየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀጥ ብሎ ቀረ። በጉርምስናው ድሬዳዋ ሳለ ነፍቶ ያውቃል። ርግቧን በክብር አስወጥቶ፣ ቱባውን በአመድና በሎሚ አሽቶ፣ በሳምንቱ አገሣበት። እሱ ደግሞ አንዲት ነርስ አመጣ፤ ትልቁን ከበሮ እንደ እሷ የሚመታ ወንድ እስከ ዛሬ አላየሁም። ቀስ በቀስ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንድ የስፖርት መምህርና ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ተጨመሩ። ግማሻችን ዓርብ መስጊድ፣ ግማሻችን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለምንሄድ ልምምዱ ቅዳሜ ሆነ። ኮሮና ሲመጣ ሰው ፊት እፍ ማለት ነውር ሆኖ ተበታተንን። ጭንብሉ ከፊታችን ሲወርድ ሁላችንም ያለ ቀጠሮ በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ግቢ ተገኘን። ለዚህ ብቻ እንኳ ይህችን ከተማ አመሰግናታለሁ።

የበጎ አድራጎት ኮንሰርት የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ነርሷ ናት። የኤረር ልጅ ስትሆን ታላቅ እኅቷ በደምበል በኩል ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ትምህርት ቤቱ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅምበት ቢርካ፣ ማለትም በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ፣ ተሰንጥቆ ውኃ መያዝ አቁሟል። ልጆቹ ጠዋት ክፍል በመግባት ፈንታ ጀሪካን ይዘው ውኃ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ትምህርቱ አልቋል። «እኛ እዚህ እንነፋለን፣ እነሱ እዚያ ይጠማሉ» አለችን፤ እንዲህ አፍ አውጥታ ስትናገር መልስ የሚገኝላት ሴት አይደለችም። መግቢያው በገንዘብ እንዳይሆን፣ ይልቅ እያንዳንዱ ሰው አንድ ባዶ ጀሪካን ይዞ እንዲመጣ ወሰንን። መጠገኛውን ሲሚንቶ የከተማው ነጋዴዎች እንዲለግሱ ጠየቅን። ነጋዴዎቹ ጠሉን ማለት አልችልም፤ ብቻ አንዱ በሳቅ «ለእናንተማ ማን ይመጣል? በየሳምንቱ በአጥር ላይ በነፃ እንሰማችኋለን። እንግዳ አምጡ» አለን። ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነበር።

እንግዳውን ያገኘሁት ቤተሰቦቹ ድሬዳዋ በሚኖሩ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ጎረቤታቸው ጡረታ የወጡ ትራምፔት ነፊ ናቸው፤ ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ሲነፉ ሰፈሩ ቴሌቪዥን ይቀንሳል አለኝ። ደወልኩ።

«ጅጅጋ?» አሉኝ። «ጅጅጋ አልመጣም።»

«ለምን ጋሼ?»

«እንዲሁ።»

ሁለተኛም ደወልኩ፤ እንዲሁ አሉ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ተቀይሯል። ልጅ እግር ሳሉ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ማርሽ ባንድ ተቀጥረው ነበር። ወደ ድሬዳዋ ሲዛወሩ ትራምፔቱን አስረክበው መውጣት ነበረባቸው። የሄዱበት ዕለት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ለቅሶ ሄዶ ቢሮው ተቆልፏል፣ የጭነት መኪናው ደግሞ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩንባውን ያስጮሃል። በኋላ እልከዋለሁ ብለው ትራምፔቱን ይዘው ተሳፈሩ። ከዚያ ጊዜው ተበላሸ፣ ከዚያ ሰው ተበታተነ፣ ከዚያ ደግሞ ኀፍረቱ ከትራምፔቱ ከበደ።

«ሃምሳ ዓመት የነፋሁት የሰው ዕቃ ነው ልጄ» አሉኝ። «ሰው ሲያጨበጭብልኝ ሌባ መሆኔን አላወቀም እላለሁ። አሁን ሰባ አምስት አልፎኛል። ተረካቢ ፈልግልኝ። በጓዳ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ፈርሜ ላስረክብ። እንደዚያ ከሆነ እመጣለሁ። ሰው ፊት ካዋረድከኝ ግን አምላክ ይይልህ።»

ለማንም እንደማልነግር ማልኩላቸው። ያን መሐላ ጠብቄያለሁ፤ የበደልኳቸው በሌላው ነው።

ተረካቢ ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። የድሮው መሥሪያ ቤት ስሙም ሕንፃውም የለም። አንድ ቦታ ላይ አንዲት ትሑት ወጣት አስቀምጣኝ በሥርዓት ጠየቀችኝ። ዕቃው በየትኛው መዝገብ ላይ ነው ያለው? በየትኛውም። ታዲያ ከመዝገብ ላይ ያልጎደለ ዕቃ እንዴት ተመለሰ ተብሎ ይመዘገባል? ልክ ናት፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ቱግ ብዬ ወጣሁ። ኮንሰርቱ ዐሥር ቀን ቀርቶታል፣ የሽማግሌው መምጣት በባጃጆቹ ላይ ሁሉ ተለጥፏል፣ ነርሷ ለእኅቷ ነግራ እኅቷ ለልጆቹ ነግራለች። ስልኩን አነሣሁና «ጋሼ፣ ተረካቢ አግኝቻለሁ፣ ይምጡ» አልኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍሱ ሰማሁ፤ ያ ትንፋሽ ለዐሥር ቀን እንቅልፍ ነሣኝ።

በዋዜማው መናኸሪያ ተቀበልኳቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከረባታቸውን ያሰሩ ሰው ናቸው። የትራምፔቱን ሳጥን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው ከድሬዳዋ ጅጅጋ ድረስ ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የመጡት። ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ተረካቢው የት አለ?» አሉኝ። «ከኮንሰርቱ በኋላ ጋሼ» አልኩ፤ ውሸት አንዴ ከጀመሩት እንዴት እንደሚቀል ያን ቀን ገባኝ። ልብስ ሰፊው ቤቱ ምሳ ጋብዞን ነበር። ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ፣ ከጎኑም ሙዝ። ደገኛ እንግዳ ሲመጣ ሙዙን ለበኋላ ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ እኔም ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሳደርግ ነበር። እሳቸው ግን ሙዙን ልጠው፣ ቆራርሰው፣ ከሩዙ ጋር አብረው ጎረሱት። ልብስ ሰፊው እጁን ከሳህኑ ሳያነሣ ቀና ብሎ አያቸው።

«ወላል» አላቸው፤ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ «አንተ እዚህ ኖረሃል።»

«ጥቂት ጊዜ» አሉና አቀረቀሩ።  ልብስ ሰፊው አንድ ሙዝ ጨመረላቸው።

በማግስቱ የተከራየናቸው ወንበሮች አልመጡም። ባለቤቱ ቀኑን ተሳስቶ ለሠርግ ሰጥቷቸዋል፣ ሠርጉን አፍርሰህ አምጣ አይባል። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የከሰዓት በኋላው ሶላት አልቆ ሰዉ መግባት ሲጀምር የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እንግዲህ ከኛ በቀር ሁሉም ሰው ብልህ ነው። ከፊት የገቡት ትልልቅ ሴቶች ይዘው የመጡትን ቢጫ ጀሪካን መሬት ላይ ጎለት አድርገው ተቀመጡበት። ከኋላቸው የመጣው ሁሉ ተከተላቸው። ባለሥልጣኑም፣ ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ተማሪውም እኩል በሃያ ሊትር ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ግቢው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። የጅጅጋ ነፋስ የኖታ ወረቀታችንን እንዳይወስደው ልብስ ሰፊው በመርፌ ቁልፍ ሸሚዛችን ላይ ሳይቀር ሰካልን። ነጋዴዎቹ ሲሚንቶውን በአይሱዙ ጭነው በሩ አጠገብ አቆሙት።

የኛን አራት ዜማዎች ተጫወትን፤ ሁለቱ ደህና ነበሩ። ከዚያ ሽማግሌው ብድግ አሉ። ብዙዎቻችን ማርሽ ይጫወታሉ ብለን ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ያለ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ዜማ ጀመሩ። በልምምድ ላይ አላሰሙንም ነበር። ወጣት ሳሉ ከሚያድሩበት ቤት ጀርባ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ሴቶቹ ለሙሽራ የሚዘፍኑትን በግድግዳ በኩል እየሰሙ በጆሯቸው ያጠኑት ነው፤ ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው። ከፊት የተቀመጡት ትልልቅ ሴቶች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ሻሿን ወደ አፏ አስጠግታ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። እኔ ከኋላቸው ትራምፔቴን ይዤ ቆሜ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአንድ ቁራጭ ብረት መውጣቱ ገርሞኝ፣ ውሸቴንም ረሳሁት።

የመጨረሻውን ድምፅ ይዘው ይዘው ለቀቁት። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ኩ ዔሊ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ግቢው በሙሉ ሆነ፣ ጀሪካኑም መመታት ጀመረ፣ በጩኸቱ መሐል «ኩ» የምትለዋ ጠፍታ «ዔሊ! ዔሊ! ዔሊ!» ብቻ ትሰማለች። እኔ ሐሴት እያደረግሁ ወደ ሽማግሌው ዞር አልኩ። ፊታቸው አመድ ለብሷል።

የገበያ ሶማልኛቸውን አልረሱትም ነበር። «ዔሊ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። መልስ ማለት ነው።

«ነገርካቸው» አሉኝ። እየጠየቁኝ አልነበረም።

አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ «ጋሼ፣ ድገሙልን ነው የሚሉት» ብል ያበቃ ነበር። ግን ለዐሥር ቀን የዋሸ ሰው እውነቱን ለመናገር ምላሱ ይከብደዋል። እሳቸው ማይክራፎኑን ከነርሷ እጅ ወሰዱ።

«እመልሳለሁ» አሉ። ነርሷ መድረክ መሪም ስለነበረች፣ ወደ ሌላ ማይክራፎን ጠጋ ብላ እንደ ልማዷ ወደ ሶማልኛ መለሰችው። «ባትጠይቁኝም ልመልስ ነው የመጣሁት። ይህ ትራምፔት የናንተ ነው። ልጅ ሳለሁ ከዚህ ከተማ ሳላስረክብ ይዤው ሄድኩ። ሃምሳ ዓመት በእሱ እንጀራ በላሁ፣ ልጆች አሳደግኩ። ልበደር ብዬ አልነበረም፣ ልሰርቅም ብዬ አልነበረም፣ ግን ሰረቅሁ። ይቅር በሉኝ።» ነርሷ መሐል ላይ የምትተረጉመው ምን እንደሆነ ገባት፣ ግን አላቋረጠችም። ሽማግሌው ትራምፔቱን ጀሪካኑ ሁሉ ወደተደረደረበት አቅጣጫ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆሙ። ማንም ሊቀበላቸው አልተነሣም። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። እኒያን እጆች ሰው ፊት ባዶ ያስቀራቸው የኔ ውሸት ነበር።

ቅድም በሻሻቸው አፋቸውን የሸፈኑት ሴትዮ ጀሪካናቸውን ተደግፈው ተነሡ። ዕድሜያቸው ከሽማግሌው የሚያንስ አይመስለኝም። ረዘም አድርገው ተናገሩ፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ። ነርሷ ዓይኗን እየጠረገች ተረጎመችልን።

«ኤዶ፣ አክስታችን፣ እንዲህ ይላሉ። ብረቱን ማን ጠየቀህ? መልስ ያልንህ ዘፈኑን ነው። ይህ እኔ ስዳር የተዘፈነልኝ ነው። ዘፋኞቹ ሞተዋል፣ እኔም ግማሹን ረስቼው ነበር። አንተ ይዘኸው ሄደህ አኖርክልን። አሁን ድገመው፣ ልጆቹ ይስሙት።»

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ያን ጊዜ ነው እንደምንም ምላሴ የተፈታው። «ድገሙት ነው ጋሼ! ኩ ዔሊ ማለት ድገሙት ነው! እኔንም መጀመሪያ ኤሊ ያሉኝ መስሎኝ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። የኔ ማይክራፎን ክፍት ኖሮ ግቢው ሁሉ ሰማኝ፤ አማርኛ የሚችለው ለማይችለው አስረዳና ሳቁ እስከ በሩ ደረሰ። ሽማግሌው ወደኔ አዩ፣ ወደ ሴትዮዋ አዩ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጡ። ከዚያ ከረባታቸውን ላላ አድርገው ትራምፔቱን ወደ ከንፈራቸው መለሱት። በዚህኛው ሴቶቹ የተቀመጡበትን ጀሪካን በመዳፋቸው እየመቱ ቃሉን ዘፈኑት። ረስቼዋለሁ ያሉት ሴትዮ አንዲት ቃል አልሳቱም።

ሰዉ ጀሪካኑን በሩ አጠገብ እየደረደረ ከወጣ በኋላ ቀርቤ እውነቱን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ተረካቢ የለም። ዋሽቼዎታለሁ።» ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «አውቄያለሁ» አሉኝ። «ትናንት መናኸሪያ ላይ ዓይኔን ሳታይ ስትመልስልኝ አውቄያለሁ። ግን ሙዙን በልቼ ነበር፣ እንዴት ብዬ ልሂድ?» ከዚያ ወዲያ ቁጣዬን ለመቆጣጠር የሞከርኩት ስለ እሳቸው ነው፤ ሁልጊዜ ባይሳካልኝም።

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ቆሞ ሰምቷል። ከደረት ኪሱ ልብስ የሚያሰምርበትን ነጭ ጠመኔ አወጣ፣ የትራምፔቱን ሳጥን ከፈተና በክዳኑ ውስጠኛ ቀይ ጨርቅ ላይ በተወላገደ አማርኛ «ተረክበናል» ብሎ ጻፈ። ፈረመበት። ነርሷ በምስክርነት ፈረመች። እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ከሥሩ «አውሰናል» የሚል ጨመረ።

«እንግዲህ ወላል፣ ዕቃው የኛ ነው» አላቸው። «አውሰንሃል። በየዓመቱ አምጥተህ ታሳየናለህ። ካላመጣህ ድሬዳዋ ድረስ መጥተን ደጅህ ላይ ዔሊ እንልሃለን።»

ሽማግሌው ሳጥኑን ዘጉ፣ ብርድ ልብሱን ጠቀለሉበት፣ ልብስ ሰፊውን አቀፉት። ቢርካው በሁለተኛው ወር ተጠገነ። ጀሪካኖቹን በዚያው አይሱዙ ላይ ጭነን ራሳችን ወስደናል፤ ልጆቹ ከመኪናው ላይ እያወረዱ ሲደረድሯቸው መምህርቷ ለቅሶዋን ከኛ ለመደበቅ ክፍል ገብታ ጥቁር ሰሌዳ ታጠፋ ነበር፣ ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም።

ሽማግሌው በቀጣዩም፣ በሦስተኛውም ዓመት መጡ። ሳጥኑን ስንከፍት የልብስ ሰፊው የጠመኔ ጽሑፍ እንዳይጠፋ በስኮች ለጥፈውበታል። በየዓመቱ ርክክብ እናደርጋለን፣ ሙዙን በሩዝ ይበላሉ፣ ያንን ዜማ ይነፋሉ፣ ሴቶቹ ጀሪካን ይመታሉ። ወንበር መከራየት ትተናል።

ባለፈው ዓመት ግን አልመጡም። ሳንባቸው ታሞ ሐኪም ከአልጋ አይነሡ ብሏቸዋል። ከኮንሰርቱ ሁለት ቀን በፊት የአውቶቡስ ሹፌር በሕፃን ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ። ሳጥኑን ስከፍተው «አውሰናል» ከሚለው ሥር በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ «መልሻለሁ» ተጽፏል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊው ሳጥኑን ተቀብሎኝ አየው፣ ትራምፔቱን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ አልችለውም» አልኩት።

«መዓሊን፣ አትቆጣ እንጂ ትችላለህ።»

በዕለቱ ሴትዮዋ ከፊት ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷ ድሬዳዋ ደውላ፣ የሽማግሌው ልጅ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንድታደርግላቸው ነግራ፣ የራሷን ስልክ ወደ ትራምፔቱ አፍ አስጠግታ ያዘችልኝ። ነፋሁት። ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረብኝ፣ አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። እንደ እሳቸው አልነበረም፣ መቼም አይሆንም። ግን እስከ መጨረሻው ደረስኩ። ሰዉ ሊጮህ ሲል ነርሷ እጇን አነሣች፣ ግቢው ጸጥ አለ፣ ሁላችንም ወደዚያች ትንሽ ስልክ አየን። መጀመሪያ የደከመ ሳል ተሰማ። ከዚያ ከጉሮሮ የወጣች፣ ሻካራ፣ ግን «ኩ» ያልጎደላት ቃል።

«ኩ ዔሊ።»

ከንፈሬን ጠረግሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በዚህኛው ማንም ሳያስቸኩለኝ እንደ ኤሊ ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው።